ለቡቺ የቀቀልኩት ጉበት

ረቡዕ፣ መጋቢት 9 ቀን 2018

ቡቺን አምስት ቀን ሙሉ «ቁጭ በል» ብለው ብለው አሻፈረኝ አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዝርያው ትንሽ ነው፣ ሲያድግ እንኳ ከድመት አይበልጥም፤ የገዛሁለት የውሻ ብስኩት ድንጋይ ሆነበት። ለስላሳ ነገር ካላገኘ እንደማይሰለጥን ዛሬ ገባኝና፣ መካኒሳ አቦ ጋ በጾም ከማይዘጋው የሙስሊም ሥጋ ቤት ሩብ ኪሎ ጉበት ገዛሁለት።

እማዬ አፍንጫዋን ይዛ፣ «በዐቢይ ጾም ጉበት! ብቻ ድስቴን እንዳትነኪብኝ» ብላኝ ወደ ጓሮ ወጣች።

በአሮጌው የወተት ማፍያ ያለ ጨው ቀቀልኩትና በሽምብራ ልክ ከተፍኩት። አንዷን በጣቴ ጫን አደረግኳት፤ ለስላሳ ናት፣ ለትንንሽ ጥርሶቹ ትሆናለች። ከዚያ እጄ እንደለመደው፣ ጨው ልቀምስ አፌ ውስጥ ከተትኳት። ዋጥኳት! ወር ሙሉ የጾምኩት ሴትዮ!

ደንግጬ ዞር ስል ቡቺ እግሬ ሥር ቁጭ ብሏል። ማንም ሳያዘው፣ ቀጥ ብሎ፣ ዓይኑን አፌ ላይ ተክሎ። ጀግናዬ! አቅፌ ሳምኩትና ሁለት ፍሬ ሰጠሁት።

እማዬ ስትመለስ ቁጭ ማለት መልመዱን ብቻ ነገርኳት። ቡቺ ግን አሁንም አፍ አፌን ያያል።