ትራሶቼን የሚገዛው ማነው?

ሐሙስ፣ ግንቦት 11 ቀን
ከሱቁ

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ይህን በእጄ የምጽፍልህ ወድጄ አይደለም። በስልክ የሚወራውን ማን ጆሮውን ጥሎ እንደሚሰማው አይታወቅም። አንተም ብትሆን ስለ ራስህ ስጠይቅህ ኔትወርኩ ይቆረጥብሃል። የሚገርመው ስለ አየሩ ሁኔታ ስንጨዋወት ተቆርጦ አያውቅም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ ድምፅህ ራሱ አላምር ብሎኛል፤ የሆነ ነገር እየደበቅከኝ ነው እያልኩ ለአክስትህ ስነግራት "አንቺ መቼም ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ" ትለኛለች። ፎቅ ላይ የምትኖረው ነርስ ነገ ለሥልጠና ወደ እናንተ ከተማ ስለምትበር ደብዳቤውን እሷ ታደርስልሃለች። ፖስታውን አሽጌ ዳር ዳሩን በክር እሰፋዋለሁ፤ ተበጥሶ ካገኘኸው ንገረኝ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን ያው ሰው ናት።

የሱቁን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርህ። ባለፈው ክረምት ልዘጋው እንደነበር ታውቃለህ። ሰው ሁሉ ከትልቁ መደብር የፋብሪካ ስፖንጅ እየገዛ፣ እኔ ጥጤን እያፍታታሁ ዝንብ ሳባርር ነበር የምውለው። ለአከራዩም በቃኝ ብዬው ነበር። ያኔ ነው አንተ "እማዬ አትዝጊ፤ ድረ ገጹ ላይ ሰው በቀጥታ እንዲገዛ እናድርገው፣ ሽቦ ይሠራልሻል" ያልከኝ።

ሽቦ የምትሉትን ጓደኛህን እወደዋለሁ። ከአንተ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ፣ ቤቴ በልቶ ያደገ ልጅ ነው፤ ያን ሁሉ በልቶም ቅጥነቱ አለቀቀውም። እወደዋለሁ ማለት ግን አምነዋለሁ ማለት አይደለም። ኮምፒውተር የያዘ ሰው ፈጥኖ ሲያወራ እጄ ወደ ቦርሳዬ ይሄዳል።

መጥቶ ኮምፒውተሩን የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ድሮ ድረ ገጹ ላይ የነበረው የትራሶቹ ፎቶና የኔ ስልክ ቁጥር ነበር። አሁን ከየፎቶው ስር "ቅርጫት ውስጥ ጨምር" የሚል አስገባበት። ገዢው እሱን ይጫናል፣ ትራሱ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ አድራሻውን ይሞላል፣ ይከፍላል፣ አለቀ። ቅርጫቱ የት ነው ያለው ስለው የትም የለም ማዘር፣ ስሙ ነው አለኝ። የሌለ ቅርጫት፣ የማላየው ገዢ፣ በእጄ የማልነካው ገንዘብ። ገንዘቡ መጀመሪያ የሚያርፈው የት እንደሆነ ደጋግሜ አስረዳኝ አልኩት፤ አክስትህንም ጎኑ አስቀምጬ ፊቱን እንድታይልኝ አደረግኩ። "አላላበውም" አለችኝ በኋላ። ላብ የማያልበው ሌባም አለ አልኳት።

አንድ ነገር ግን ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። እኔ ትራስ የምሞላው ሰውየው እንዴት እንደሚተኛ ጠይቄ ነው። በጎኑ ለሚተኛ ጠንከር አደርገዋለሁ፣ በጀርባው ለሚተኛ መሃሉን ጎድጎድ፣ በሆዱ ለሚተኛ ሳሳ። ሱቄ የገባውን ሁሉ ሳልጠይቅ ሸጬ አላውቅም፤ የሚያፍርም አለ፣ እያፈረ ይናገራል። ቅርጫቱ ይህን የማይጠይቅ ከሆነ ይቅርብኝ አልኩት። ሽቦ ሳቀ። ሰው ጥያቄ ሲበዛበት ቅርጫቱን ጥሎ ይሄዳል አለ። ይሂዳ፣ እኔም ለማላውቀው አንገት ትራስ አልሞላም አልኩት። በመጨረሻ ከመክፈያው በፊት "እንዴት ነው የሚተኙት?" የሚል ጥያቄ አስገባልኝ፤ መልስ ካልጻፉበት አያሳልፍም።

ትእዛዝ መምጣት ጀመረ። ምን ይዋሻል፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። አከራዩን ጠርቼ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ አልለቅም አልኩት። ጥጥ በጆንያ አስመጣሁ። ውሎ ሲያድር ግን ነገሩ አልጥም አለኝ። አንድም ሰው ዋጋ ቀንሺልኝ አላለም። አንድም ሰው ደውሎ ትራሴ የት ደረሰ አላለም። ከፍ አለብኝ፣ ዝቅ አለብኝ፣ አንገቴን ቆለፈኝ የማይል ገዢ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ሁሉም የሚኖሩት ከድልድዩ ማዶ ነው። ትራሱን እንዲያደርስ ሽቦ ያመጣልኝን ሞተረኛ የት ነው የምታደርሰው ስለው ስልኩን መነካካት ይጀምራል።

አክስትህ "ሌባ ገንዘብ ሰጥቶ ነው እንዴ ዕቃ የሚወስደው? ተመስገን በይና ሥሪ" አለችኝ። እኔ ግን ሽቦን ጠረጠርኩት። በኔ ሱቅ ስም የማይሆን ገንዘብ እያሳለፈ ቢሆንስ? በዜና እንሰማ የለ እንዴ! ፖሊስ መጥቶ ትራሶቼን እየቀደደ ሲበረብር፣ ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ሲያይ ይታየኝ ጀመር።

መልሶቹንም ማጥናት ያዝኩ። ትእዛዙ በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ ይታያል። አንዱ መምህር ነኝ ይላል፣ አንዷ ሙሽራ ነኝ፣ አንዱ ጡረተኛ። እንዴት ነው የሚተኙት ለሚለው ግን ሙሽራዋም ጡረተኛውም የጻፉት አንድ ነው፤ "በሆዴ፣ አንድ እጄን ከትራሱ ስር አስገብቼ።" ከድልድዩ ማዶ ያለ ሰው ሁሉ በሆዱ መተኛት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው አልኩ። ያኔ እንኳ ልብ አላልኩም ልጄ። ሽቦ ሰንፎ አንዱን መልስ እየገለበጠ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጥርጣሬዬ እሱ ላይ ተተክሎ ሌላ ሰው ማየት አልቻልኩም።

ማክሰኞ ዕለት ሞተረኛው ትራስ ጭኖ ሲወጣ ሱቁን ለአክስትህ ትቼ ታክሲ ያዝኩ። ያንን ሞተር ተከተልልኝ ስለው ሹፌሩ በመስታወት አየኝና ባልሽ ነው ወይ አለኝ። ትራሴ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ሞተሩ የት ቢቆም ጥሩ ነው? ሽቦ ቢሮ በር ላይ። ተከትዬ ገባሁ። ትራሶቼ በሙሉ እዚያ ናቸው፣ በላስቲካቸው እንዳሉ፣ ከወለሉ እስከ መስኮቱ ተደርድረው። አንዱን ብቻ አውጥቶ ወንበሩ ላይ አድርጎ ተቀምጦበታል። ከሁሉ ያቃጠለኝ መቀመጡ ነው።

በሰው ቢሮ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። ቤቴ በልተህ፣ ከልጄ ጋር አድገህ አልኩት። ፖሊስ እጠራለሁ አልኩት። ልጁም ከትራሱ ላይ ተነስቶ፣

"ማዘር፣ እኔ አንድም አልገዛሁም። የሚገዛው እሱ ነው። ሱቁ ከተዘጋ እናቴ ቤት ውላ ትታመምብኛለች ብሎ ነው። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል" አለኝ።

እኔም ትራስ ላይ ቁጭ አልኩ።

ተናድጄብሃለሁ፣ አልደብቅህም። ቆመህ እየዋልክ ባመጣኸው ገንዘብ የእናትህን ትራስ ገዝተህ ሰው ቢሮ ታስከምራለህ? ለአከራዩ አፌን ሞልቼ ገበያው ደርቷል ስለው፣ ገበያው አንድ ልጄ ኖሯል። ሳፍርና ስናደድ ቆይቼ ደግሞ እዚያው ሽቦ ፊት አለቀስኩ። ስም ፈጠርክ፣ ሥራ ፈጠርክ፣ ሙሽራ ሁሉ ሆንክልኝ፤ እንዴት ነው የምትተኛው ስትባል ግን ሌላ መልስ መፍጠር አልሆነልህም። ሕፃን ሆነህ እጅህን ከትራሱ ስር ካልከተትክ እንቅልፍ አይወስድህም ነበር። ክንድህ እንዳይደነዝዝ ቀስ ብዬ ሳወጣልህ የኖርኩት እኔ ነኝ። እኔ ሳላውቅህ ቀረሁ! ሱቁን ከፈለግኩ እዘጋለሁ፣ ካልፈለግኩ አልዘጋም፤ የራሴ ጉዳይ ነው። አንተ ግን ከእንግዲህ አትግዛኝ።

እስከ ትናንት ድረስ ደብዳቤው እዚህ ላይ ሊያልቅ ነበር። ስቆጣህ፣ ስመርቅህ፣ አለቀ። ሽቦንም መያዙን እንዳይነግርህ በተራዬ አስምዬዋለሁ፤ እስኪ ደግሞ አንተ ተታለል ብዬ። ዛሬ ጠዋት አዲስ ትእዛዝ መጣ። ሹፌር ነኝ ይላል። መጣ ደግሞ የኔ ሹፌር ብዬ ልስቅ ከፈትኩት። እንዴት ነው የሚተኙት ከሚለው ስር እንዲህ ይላል፤

"አልተኛም። ከተኛሁ ቆየሁ።"

ገዢ ቢመጣም ይመለስ ብዬ የሱቁን በር ዘጋሁት። ከዚያ ሽቦ ጋ ደወልኩ፤ ይሄኛው እውነተኛ ገዢ ቢሆንስ፣ የምር ሹፌር ቢሆንስ ብዬ። አየልኝና ከአንተው መሆኑን ነገረኝ። ምነው ሌላ ሰው በሆነ ብዬ ተመኘሁ። የሌላ እናት ልጅ እንቅልፍ ይጣ ብዬ መመኘቴ ነው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ለእኔ ያልነገርከውን ለቅርጫቱ ነገርከው። እኔ እንደማነበው እያወቅክ ነው የጻፍከው ወይስ ደክሞህ አምልጦህ ነው? ከጠዋት ጀምሮ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። አሁኑኑ ልደውልልህ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ በስልክ የምትሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ። ሥራው ነው? ሰው ነው? ብቻህን መሆንህ ነው? ያጠፋኸው ነገር ካለም ያው ልጄ ነህ። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ኖሬ አንተን በዚህ በኩል አልጠረጠርኩህም፤ ተኝተህ የምታድር ነበር የሚመስለኝ።

የሹፌሩን ትእዛዝ አልሞላሁትም። ጨርቁን ሰፍቼ አፉን ክፍት ትቼዋለሁ፤ ጥጡ ይብዛ ይነስ አላወቅኩም። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ስንትም ሰዓት ይሁን ደውልልኝ። ማውራት ካቃተህ አታውራ። ስልኩን ትራሱ አጠገብ አስቀምጠው። እኔ ጥጤን እያፍታታሁ ስለ አክስትህ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሁሉም አወራልሃለሁ፤ እንቅልፍ እስኪወስድህ ድረስ አልዘጋውም።

ያስጨነቀህን ነገር ፈጣሪ ከላይህ ያንሳልህ። ጎንህን ያሳርፍልህ፣ የሌሊቱን ሐሳብ ያቅልልህ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ።

እናትህ