ቱታህን አውጥቼ ሰጠኋት

ውድ ስማቸው፣

ስልክህን ስለማታነሳ ጻፍኩልህ። የወገዳው ሚኒባስ ረዳት ይታየው በእጅህ ያደርስልሃል። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ እኛም ደህና አይደለንም።

ባሕር ዳር ያሉት ሐኪሞች መልሰውናል። «ከዚህ በላይ መድኃኒቱ አይረዳትም፤ ቤቷ ትሁን» አሉኝ። ልጃችን ቤዛዊት ግን ድና የተመለሰች መስሏት ንፋስ መውጫ እስክንገባ ድረስ ስለ አንተ ስታወራ ነበር። እቤት ስንደርስ «አልጋዬን ወደ በሩ አዙሪልኝ» አለችኝ። አዞርኩላት።

ከጋራዥ ስትመጣ ቤዛዊት እንዴት ትሆን እንደነበር ታስታውሳለህ። አንተ የባጃጁን ዘይትና ቤንዚን ከእጅህ ሳትታጠብ እሷ ዘላ አንገትህ ላይ ትጠመጠማለች። እኔ «ልብሷን አቆሸሽከው» እያልኩ እቆጣለሁ፤ እናንተ ትስቃላችሁ። ያኔ የሚያሳስበኝ የልብሷ እድፍ ብቻ ነበር።

የደም ካንሰር ነው በተባልን ቀን ሐኪሙ ሥራህን ጠየቀህ። «ቤንዚን የሚነኩ ወላጆች ልጆች ላይ ይህ በሽታ በዛ ይላል የሚሉ ጥናቶች አሉ። የእሷ ከዚያ የመጣ ነው ማለት ግን አልችልም፤ አይደለምም ማለት አልችልም» አለ። አንተ ከዚህ ሁሉ የያዝከው የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅህን አልነካሃትም። ቆዳህ እስኪላጥ እጅህን በሳሙና ትፈትጋለህ፣ እሷ እጇን ስትዘረጋልህ ግን ወደ ኋላ ትላለህ። በመጨረሻ «አባቴን አይቼ ልምጣ» ብለህ ወጣህ። አሁን ወገዳ ገብስ ታርሳለህ አሉኝ።

አልወቀስኩህም ብልህ ውሸት ነው። ወቅሼሃለሁ፤ ረግሜህም አውቃለሁ። ከዚያ ደግሞ ቤዛዊትን አርግዤ ያንን የጋራዥ ቱታህን በየሳምንቱ በእጄ ሳሽ የነበርኩት እኔ መሆኔ ትዝ ይለኛል። ጥፋት ከሆነ ለብቻህ አይደለም፣ ለእኔም ይደርሰኛል። እንጀራችን ከዚያው ነበር፤ ማን ነግሮን እንጠንቀቅ?

ትናንት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እማ፣ አባዬ የሄደው ስለታመምኩበት ነው? አሁን ድኛለሁ በይው።»

ሐኪሙ የተናገረውን ከሰማሁ በኋላ ቱታህን በፌስታል ቋጥሬ ማገዶ ቤት ጥዬው ነበር። አውጥቼ ሰጠኋት። ከእንግዲህ ምን ያደርጋታል ብዬ ነው። አቅፋው ተኛች። ዛሬ ጠዋት ግን «የአባዬ ሽታ እየጠፋ ነው» ብላ አለቀሰች።

የንስሐ አባታችን ተስፋ እንዳልቆርጥ ይመክሩኛል። እኔ ቆርጫለሁ። ልጄ እንደማትተርፍልኝ አውቃለሁ። አሁን የምለምነው እሷ እያለች እንድትደርስ ነው።

ና፣ ስማቸው። ስትመጣ መጀመሪያ ጋራዥ ጎራ በል። ጓደኞችህ የሥራ ልብስ ያውሱህ፣ እጅህንም ዘይት አስነካው፤ እንዳትታጠብ። አልጋዋ በሩ ፊት ለፊት ነው። እንደ ድሮው ሸተህ ግባና እቀፋት። ልብሷን አቆሸሽከው አልልህም።

ባለቤትህ ማንአለሽ
ንፋስ መውጫ