ከአጥሩ ሥር ያመጣሁት ቀይ

ማክሰኞ
የሥዕሌ ቀይ እምቢ አለኝ። ቢጫው አላስቸገረም፤ በጥቅምት ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ ያለው ዳገት ሁሉ የኑግ አበባ ነው፣ መስኮት ከፍቶ ማየት ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ቀይ ግን ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ከፍ ዝቅ ይላል። ብርድ ልብስ ለብሶ የተኛ ሰው ሲተነፍስ ይመስላል። ደረብኩበት፣ ደገምኩት። ያው ነው።

ቀለሙ የሱቅ አይደለም። የዚህን አገር ብርሃን የሱቅ ቀለም አይችለውም ብዬ፣ እናቴ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ አፈር እየነፋሁ በኮላ አሻለሁ። ይህን ቀይ ያገኘሁት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከተከመረ አፈር ነው። ዝናብ አጥቦት ሲያበራ አይቼ በፌስታል አፈስኩት። እንዲህ ያለ ቀይ አይቼ አላውቅም።

ዓርብ መኪና ይመጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ የመጀመሪያዬ ዐውደ ርእይ። ይህ ሥዕል ከሌለ የቀሩት አጃቢ ናቸው።

ረቡዕ
ከሰዓት ደመና። ቢጫው ሞተ፤ ቀዩ አልሞተም። ፀሐይ ሳትኖር ከየት አምጥቶ ነው የሚያበራው? ሠዓሊ የገዛ ሥዕሉን ሲፈራ ያስቃል፤ ግን ፈራሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው መቀመጥ አልቻልኩም።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ገብተው አዩት።
"ይሄ ምኑ ነው ልጄ? ማሳ ነው?"
"ብርሃኑን ነው የሣልኩት" አልኳቸው።
"እሱማ ደጅ ሞልቶ የለም እንዴ" ብለው ሳቁ።

እናቴ አልሳቀችም። ቀዩን ስታይ ቆየችና ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ራትም አልበላች።

ሐሙስ
ዛሬ ነገረችኝ። አምና በክረምት የእትዬ ጥሩወርቅ ባል ሲቀበሩ ቦታ ጠቦ የአባቴን መቃብር ከፈቱት። አጥንቱን ሰብስበው መለሱ፤ የተረፈውን አፈር ከአጥሩ ውጭ ደፉት። እናቴ ቆማ አይታለች። ለእኔ ግን አልነገረችኝም፤ "አዲስ አበባ ሆነሽ ምን ያደርግልሻል ብዬ ነው" አለች።

አባቴን በወንፊት ነፍቼዋለሁ። በኮላ አሽቼዋለሁ። እጄን ታጠብኩ፤ ደግሜ ታጠብኩ።

ቢላ አነሳሁ። ፍቄ ወደ መቃብሩ ልመልሰው፣ ቄሱን ጠርቼ ፍትሐት ላስደርግ። ከጥጉ ጥቂት እንዳነሳሁ እናቴ እጄን ያዘችው።
"ተይው" አለች። "እዚያ ጨለማ ነው። እዚህ ፀሐይ ያገኘዋል።"

ዓርብ
መኪናው መጣ። ሌሎቹን ጫንኩ።
"ትልቁስ?" አለኝ ሾፌሩ።
አልደረቀም አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ድንጋይ ሆኗል። የዐውደ ርእዩ አስተባባሪ ደውላ ተቆጣችኝ፤ የመግቢያውን ግድግዳ ለእሱ ነበር የተወችው። እውነቷን ነው። ክረምቱን ሙሉ ስፈልገው የከረምኩት ይህን ሥዕል ነበር፣ አሁን ሳገኘው የእኔ አይደለም። ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ
ጠዋት ስነሣ ሥዕሉ ቦታው የለም። እናቴ ብቻዋን ጎትታ ወደ ምሥራቁ መስኮት አዙራዋለች። ከኑጉ የተመለሰው ብርሃን ግድግዳውን ሁሉ ቢጫ አድርጎታል። ቀዩ ከፍ ዝቅ ይላል። እሷ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቀስ እያለች ወሬ ትነግረዋለች፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ፣ ጤፉ እንዴት እንደያዘ። ፊቷ እንዲህ ተፈትቶ ካየሁት ስንት ዘመኔ።

ደግ ነገር ይሁን ክፉ አላውቅም። በሩ ላይ ቆሜ ልግባ ልመለስ ስል ሰማችኝ። ወደ እኔ አልዞረችም።
"እሷም መጣች" አለችው።