ቀይዋ መብራት ብትጠፋም አትምጪ

ውድ እህቴ ጀማነሽ፣

የጓሮ ጎረቤታችን ራቢያ ይህን ደብዳቤ ስታቀብልሽ እንዳትስቂ። ቀልድ አይደለም። ተደብቄ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ፣ ዛሬስ ጥፋቱ ትምህርት ማቋረጤ ብቻ አይደለም።

ካዛንቺስ ለጣሊያኖቹ ቤት ሽቦ ስንዘረጋ ከተጣለ ስልክ የፈታሁትን ሪሌ ታስታውሺያለሽ? ጠቅ እያለ መብራት የሚያበራና የሚያጠፋውን። ከባትሪ፣ ኤሌክትሪክ ከሚያጠራቅም ኮንደንሰርና ከደወል ቁልፍ ጋር አገናኘሁት። አንዴ ስጫን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለችው ቀይ አምፖል ትበራለች፤ ጣቴን ባነሳም ሪሌው እንደያዘ ይቆያል። ደግሜ ስጫን ይለቃል፤ አምፖሏም ትጠፋለች።

"ከበራች ወታደር አለ፤ የአርበኞቹን መድኃኒት ይዘሽ እለፊ። ከጠፋች ግቢ" አልኩሽ።

"መዝገቡ፣ ስትበራ ግቢ ብትል አይሻልም?"

"ሌባ የሚገባው በጨለማ ነው፤ አንቺም ያው ነሽ" ብዬ ሳቅሁብሽ።

ትናንት ከሰዓት ለጎረቤታችን ለመገርሳ ጉራዬን ልነዛ ተጫንኩት። አምፖሏ በፀሐይ አልታይ አለች፤ በቃ፣ እንደበራች ረሳኋት። ማምሻውን የጣሊያን ካራቢኔሪ ፖሊሶች ከነአስተርጓሚያቸው በሩን ሲገፉት፣ ከአግዳሚው ሥር ያለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሪሌው ሲያበራ ጠንከር ብሎ ነው ጠቅ የሚለው፤ አሁን ግን ለስለስ አለ። አጠፋኋት! አንቺ የምትመጪበት ሰዓት ነበር።

"እጅ ወደ ላይ!" አለ አስተርጓሚው።

መሬት ተዘርሬ "በእናታችሁ፣ ገና ሚስት እንኳ አላገባሁም!" እያልኩ ስንፈራገጥ ቁልፉን በተረከዜ መታሁት። እነሱ ሲስቁ ሪሌው ጠቅ አለ፤ ጠንከር ብሎ።

አልመጣሽም። አይተሻት ነው? ወይስ መንገድ ላይ ያዙሽ? እስካሁን አላውቅም።

በራችን ላይ አንድ ባንዳ አስቀምጠዋል። ስለ አምፖሏ ሲጠይቀኝ "የቂርቆስ ስእለት ናት" አልኩት፤ አማተበላት!

የሚያስፈራኝ ግን እሱ አይደለም። ባትሪው እየደከመ ነው። ሲያልቅ ሪሌው በራሱ ይለቃል፤ አምፖሏ ማንም ሳይነካት ጠፍታ "ግቢ" ትልሻለች። ሌላ ባትሪ ያለው ካዛንቺስ ሥራ ቦታ ነው፤ እኔ ደግሞ ከቤት እንዳልወጣ ታዝዣለሁ። ጀሚዬ፣ ጨለማውን እንዳታምኚው።

ልክ ነበርሽ። ከተረፍን ገልብጬ እሠራዋለሁ፤ ያን ጊዜ እስክትጠግቢ ሳቂብኝ።

መልስ አትጻፊ። ይህ ከደረሰሽ ራቢያ በበራችን ስታልፍ ጮክ ብላ ትስደበኝ። ባንዳው አይጠረጥርም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰድበኛል።

ስድቡን በሩ ሥር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ወንድምሽ፣
መዝገቡ