ጥቁሩ ነጠላና ቀዩ አሳ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ለመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፤
ብቸና።

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? የጉልበትዎ ሕመም ለቀቅ አደረገዎት ወይስ አሁንም ማኅሌት መቆሙ ይከብድዎታል? እማማስ ዓይናቸው እንዴት ነው? ጤፉ ዝናብ ሳያገኘው ተወቅቶ ገባ ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን በስልክ ልነግርዎት ጀምሬ ነበር፤ እርስዎ ግን "ቤቱን አከራይተሽ፣ ዕቃሽን ሸክፈሽ ነይ" ብለው ዘጉብኝ። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ያነቡልኛል ብዬ አምናለሁ።

አክስታችን እትዬ ይርጋነሽ ሊጠይቁኝ መጥተው ሲመለሱ የነገሩዎትን ሰምቻለሁ። "ስርጉት የባሏን ሐዘን ትታ፣ ጥቁር ነጠላዋን የአሳ መስታወት ላይ ጥላ ፎቶ ታነሳለች" አሉ አሉ። ነጠላዬን መስታወቱ ላይ ማድረጌ እውነት ነው። ሐዘኔን መተዌ ግን ውሸት ነው። እንዴት እንደሆነ ከእኔው ይስሙ።

ያንን የአሳ ገንዳ ባሌ ስጦታው በገዛ እጁ ነው የሠራው፤ የመስኮት መስታወት ቆርጦ አጣብቆ። አሶቹንም ከባሕር ዳር በፌስታል ውሃ ውስጥ አድርጎ፣ መንገዱን ሁሉ ጭኑ ላይ አቅፎ አመጣቸው። አልጋ ከያዘ በኋላ ውሎው እነሱን ማየት ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ሌሎቹ አለቁና ቀዩ ብቻ ቀረኝ። እሱም አርጅቶ ክንፉ መቦጫጨቅ ጀመረ። ሳይሞትብኝ መልኩ እንዲቀርልኝ ፈለግሁና የስጦታውን ትንሽ ካሜራ ከሳጥን አወጣሁ።

መጀመሪያ ያነሳሁት ሁሉ የማይረባ ሆነ። ፍላሹ መስታወቱ ላይ ቦግ ይላል፤ አሳው የደበዘዘ ቀይ ጭረት ይሆናል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ፎቶው ላይ ጎልቼ የምታየው እኔው ነኝ፤ ጥቁር ለብሼ፣ ዓይኔ አብጦ። ፎቶ ቤት ያለው ምንይሉ አየውና "እትዬ ስርጉት፣ በዚህች መጫወቻ አሳ አይነሳም፤ በከንቱ አይልፉ" ብሎ ሳቀ። እልህ ያዘኝ።

ፍላሹን አጠፋሁት። መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም አረንጓዴው እስኪለቅ ወለወልሁት። መስኮቱን ከፍቼ የጠዋቱ ብርሃን ከላይ እንዲወርድበት አደረግሁ። የራሴን መልክ ከመስታወቱ የማጠፋበት ባጣሁ ጊዜ ነጠላዬን ከራሴ እስከ ገንዳው ፊት እንደ ድንኳን ዘርግቼ ካሜራውን ይዤ ከሥሩ ገባሁ። አሳውን በካሜራ ማሳደዱንም ተውሁ፤ ሁልጊዜ የሚዞርባትን ድንጋይ አነጣጥሬ፣ ካሜራው እሷ ላይ እንዲያተኩር ቁልፉን እስከ ግማሽ ተጭኜ፣ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁት። እትዬ ይርጋነሽ የገቡት ይኼኔ ነው። "በስመ ሥላሴ! የሐዘን ልብስ ለአሳ?" ብለው ጮኹ። እኔም ሳልዞር "ትንሽ ይታገሱኝ፣ እየመጣ ነው" አልኋቸው። መጣ። ተጫንሁት።

ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ይዩት። ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይለያል፤ ዓይኑ ጥርት ብሎ ያየዎታል። አሳው ብዙም አልቆየም፣ ሞተ። አለቀስሁ፤ ለአሳው ብቻ እንዳልሆነ እርስዎ አያጡትም። ምንይሉ ፎቶውን ሳሳየው አልሳቀም፤ እንዴት እንዳነሳሁት ጠይቆኝ ነገርሁት። ከዚያ "ሰርግ ለማንሳት ስወጣ ፎቶ ቤቱን ይያዙልኝ" አለኝ። ከሰኞ ጀምሮ እገባለሁ።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ አልመጣም። ቤቱ አይከራይም፤ ገንዳውም አይሸጥም፤ ከባሕር ዳር አዳዲስ አሶች አስልኬያለሁ። ጥቁሬን የማወልቀው ሐዘኔ ሲወጣልኝ እንጂ ሰው ሲፈቅድልኝ አይደለም። ሊጠይቁኝ ቢመጡ አልጋዬን ለቅቄልዎት መደብ ላይ እተኛለሁ። ሊወስዱኝ ከሆነ ግን በመንገድ አይንገላቱ።

እማማን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ባለቤትዎን እትዬ ሰብለ ወንጌልን የላኩልኝ በርበሬ ደርሶኛል፣ እጃቸው ይባረክ ይበሉልኝ። ልጅዎን ብሩክታይትን ትምህርቷ ሲዘጋ ይላኩልኝ፤ ፎቶ ማንሳት አስተምራታለሁ። እትዬ ይርጋነሽንም ሰላም ይበሉልኝ፤ አልተቀየምኋቸውም። ዳግመኛ ሲመጡ ግን በሩን ያንኳኩ።

እህትዎ ስርጉት
ሞጣ፣ ከገዛ ቤቴ
ጥር ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.