ፍሪሲዮኑ ውስጥ የተገኘው የኑግ ዘይት

«የተማረ ነው ብላችሁ እህቴን አሰጣችሁኝ። መኪናውን የኑግ ዘይት የሚያጠጣ ሰው ለመንፈቅ ቅዳሴ ይደርሳል ብላችሁ ነው?»

የሺ፣ የቤቴ እመቤት፣ ይህን የተናገሩት ታላቅ ወንድምሽ አያ ደምሴ ናቸው። የተናገሩትም ከመቃብርሽ አጠገብ፣ ካህናቱና የአገሩ ሽማግሌዎች ቆመው እየሰሙ ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትምም።

ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሆነ፤ ዓመቱም ያለ አንቺ ተለወጠ። በክረምቱ የጓዳው ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ አስጠግኜዋለሁ። ልጃችን አስቴር ክረምቱን አብራኝ ከርማ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ቀሚሶችሽን አጥባ አጣጥፋቸዋለች፤ ለማን እንደሚሰጡ ግን ሁለታችንም ማንሣት አልደፈርንም። እኔ አሁንም ቢሮ ውስጥ እቆጣለሁ፤ አሁንም ሰው ሁሉ ጉዳዩን በጽሑፍ እንዲያቀርብልኝ አዛለሁ። «ዝናቡንም ለምን ቀረህ ብለህ በጽሑፍ ጠይቀው» እያልሽ የምትስቂብኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።

በሐምሌ መንፈቅሽ ሲደርስ ዳቦውንና ጠላውን በጂፓችን ጭኜ፣ ጥቂት የዕድራችንን ሰዎች አሳፍሬ ከደብረ ማርቆስ ወደ አገርሽ ወደ መርጡለ ማርያም ተነሣሁ። ካንቺ በኋላ መኪናዋን ከመጠለያዋ እምብዛም አላወጣኋትም ነበር። ስለዚህም ከመነሣቴ በፊት የፍሪሲዮኑን ዘይት መያዣ ከፍቼ አየሁ። ሙሉ ነበር። ማሽተት ግን አልመጣልኝም፤ የፍሪሲዮን ዘይት የሚያሸት ማን አለ?

የጭቃውን ዳገት ስንጀምር የፍሪሲዮኑን ፔዳል ብረግጠው ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። ማርሽ አልገባ አለ። ሰዎቹ በሐዘን ልብሳቸው ጭቃ ውስጥ ወርደው ገፉልኝ፤ ፈቀቅ አላለችም። መዘግየታችንን አይተው አያ ደምሴ የጭነት በቅሎ አስነድተው ሲደርሱ እኔ የዘይት መያዣውን እየከፈትኩ ነበር። የወጣው የኑግ ሽታ ነው፤ ለጎጃም ሰው አይነገርም። «የቀረው ሽንኩርት ብቻ ነው» አለ ከበቅሎ ነጂዎቹ አንዱ። ሳቅ ያላመለጠው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ጭነቱ በበቅሎ ሄደ፣ እኔም ከበቅሎዎቹ ኋላ በእግሬ። ስንደርስ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ተበትኗል። አያ ደምሴ ያን ቃል የተናገሩት ያኔ ነው። እኔም የጫማዬን ጭቃ በሣር መጥረግ ጀመርኩ።

መኪናዋን አስጎትቼ ቤት ካስገባኋት በኋላ ጥፋተኛውን ለመያዝ ተነሣሁ። አንዱ ጋራዥ ይህን ሠርቶብኛል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፤ የክስ ማመልከቻውንም በልቤ ጀምሬዋለሁ። በመጀመሪያ ሁሉንም በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ አደረቅሁ። ከሥር ወረቀት አንጥፌ አስቴርን ፔዳሉን እርገጪ አልኳት። ከላይ ከፔዳሉ በኩል እርጥበት ብቻ ነው። ከታች፣ ከማርሽ ሳጥኑ ከካምቢዮው አጠገብ፣ ከአቧራ መከላከያው ላስቲክ ሥር ግን ይንጠባጠባል። እውነተኛው ዘይት ቢሆን የነካውን ቀለም በልቶ ያነሣ ነበር፤ ይኼ ቀለሙን ሳይነካ አቧራውን እንደ ሙጫ ይዞታል። ስፈታው ዘይቱን የሚያግዱት የውስጥ ላስቲኮች፣ ጎሚኒዎቹ፣ እንደ ተዘፈዘፈ ባቄላ አብጠው ከንፈራቸው ተቀድዷል። የምግብ ዘይት ለጎሚኒ መርዝ ነው። ቧንቧውን ሁሉ በአልኮል አጥቤ፣ አዲስ ጎሚኒ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ ትክክለኛውን ዘይት ሞልቼ አየሩን አስወጣሁ። ፔዳሉ ጠነከረ።

የወደቀብኝን ብሎን ስፈልግ ነው ከመቀመጫሽ ሥር ጠርሙሷን ያገኘኋት። ከግርጌዋ የኑግ ዘይት ቀርቷል። አፏ የተወተፈው በነጠላ ጥለት ቁራጭ ነው፤ ጥለቱን አወቅሁት።

በነቢያት ጾም እናትሽን ጠይቀን ስንመለስ ፔዳሉ ላልቶብን አልነበር? አንቺን መኪናው ውስጥ ትቼ ዘይት ፍለጋ እስከሚቀጥለው መንደር ሄድኩ። ባዶ እጄን፣ አገሩን ሁሉ እየረገምኩ ስመለስ ፍሪሲዮኑ ሠራ። እኔም እስከ ቤታችን ድረስ ምክንያቱን አስረዳሁሽ፤ ዘይቱ ግሎ አረፋ ሠርቶ ነበር፣ መኪናዋ ስትቆም ቀዘቀዘና ተመለሰ አልኩሽ። አንቺ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ትሰሚኝ ነበር። ከአቧራው የተከለልሽ መስሎኝ ነበር። ይህንኑ ትንታኔ ለቢሮዬ ወጣቶች ስንት ጊዜ አስተማርኩት!

እናትሽ የሰጡሽን የጾም ዘይት ጨምረሽ ነው ለካ ቤታችን ያደረስሽን። ለምን አልነገርሽኝም አልልሽም። ብትነግሪኝ እዚያው መንገድ ላይ በጽሑፍ አስረጂ እልሽ ነበር።

ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው፣ የሺ። ጠርሙሷን ሳገኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። በወረቀት ጠቀለልኳት። ለአያ ደምሴ ወስጄ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት አስቀምጬ፣ እህትዎ ናት ልላቸው ነው። ያ በቅሎ ነጂ ስለ ሽንኩርቱ ደግሞ ሲናገር፣ ሰዎቹም በመቃብርሽ ላይ ሲስቁ ታየኝ። ስሜን ለማጥራት አንቺን ለሳቅ ላቀርብ ነበር። ጠርሙሷን ይዤ ከመኪናዋ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፤ ብቻዬን ሆኜም ፊቴን ሸፈንኩ።

መልሼ ከመቀመጫሽ ሥር አኑሬያታለሁ። ይህችን መኪና እስከ ነዳሁ ድረስ ከዚያ አትነሣም፤ ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ያን ነጠላ አፍሽ ላይ አየዋለሁ።

ለወንድምሽ ዛሬ ጽፌያለሁ። በሥራ ዘመኔ ሐሰት ፈርሜ እንደማላውቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እንዲህ አልኳቸው፦

«አያ ደምሴ፣ የኑግ ዘይቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ የተናገሩኝም ይገባኛል። መኪናዋ ተጠግናለች። በጥር ለሙት ዓመቷ ደግሼ ከቅዳሴው በፊት እንድደርስ ይፍቀዱልኝ። መልስዎን እስከ ኅዳር ሚካኤል ድረስ በጽሑፍ ያሳውቁኝ።»