የቀጮው ምቶች

ታዴዬ፣ ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሞላ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ሰሞኑን ቁጭ ማለት እንኳ አቅቶኛል። ትናንት የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፤ ፈታሁትና መልሼ ያንኑ ደገምኩት። ያ ደብተርህ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ።

ልጃችን አልማዝ ሰኮሩ አስተማሪ ሆና ተመድባለች። ፈረንጆቹ መምህራን ትነዳላቸው የነበረውን መኪና ለሌላ ሾፌር ሰጡት። ጥሩምባውን ስሰማ አሁንም ብድግ እላለሁ፤ ሞኝ አይደለሁ?

አንድ እሑድ ፈረንጆቹ ቤዝቦል ሲጫወቱ ላሳይሽ ብለህ ኪቶ ሜዳ የወሰድከኝ ትዝ ይልሃል? እዚያ ጨዋታ ላይ ኳሷን በዱላ ከአሥር ሦስቴ የመታ ጎበዝ ይባላል ብለህ ብትነግረኝ፣ እኔ ከአሥር ቀሚስ ሦስቱን ብቻ አስተካክዬ ብሰፋ መርካቶ ውስጥ ማን ደጄን ይረግጣል ብዬ ሳቅሁብህ። አኩርፈህ ምሳህን አልጨረስክም።

የሚረዳህ ከማል ብቻ ነበር፤ ጎረቤታችን ቡና ነጋዴው። ፈረንጆቹ አንብበው የጣሉትን ጋዜጣ ታመጣና ከአገራቸው ሁለት ስመ ጥር መቺዎች አንተ ቀጮውን፣ እሱ ቀድሞ ጨዋታ ያቆመውን ወፍራሙን ይዛችሁ፣ በዕድሜው ብዙ የመታው የቱ ነው ስትባባሉ ስንት ዓመት! ሁለቱንም ከፎቶ በቀር አላያችኋቸውም። በመጨረሻ በጃንሆይ ልደት ቀን ከማል የቀጮውን ምት ከጋዜጣው እየገለበጥክ የምትደምርበትን ደብተርህን አየና ይሄ የሰው ቁጥር አይደለም አለህ። አንተም ሰው በተሰበሰበበት ቀጣፊ አልከው። በዚያው ተቆራረጣችሁ። ለቀብርህ መጥቶ ከሩቅ ቆሞ ተመለሰ፤ ቤቴን አልረገጠም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ገጽ በገጽ አየሁት። ወይ ጉድህ! አንተ ጳጉሜን ላይ ዓመቱን ትዘጋና መስከረም ላይ አዲስ ገጽ ትከፍታለህ። የእነሱ ጨዋታ የእኛን እንቁጣጣሽ መች ያውቃል! ከሚያዝያ እስከ መስከረም ማለቂያ ለእነሱ አንድ የጨዋታ ዘመን ነው፤ ጋዜጣውም ቁጥሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደምሮ ያወጣል። የመስከረሙን ቁጥር በአዲሱ ዓመት ስታሰፍር፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ያለውን ምት ሁሉ ሁለቴ አስገባህ። ያውም በየዓመቱ! ከማል ልክ ነበር፤ ወፍራሙ ይበልጣል።

ሦስት ቀን ስንቆራጠጥ ዋልኩ። ብነግረው አንተን ማሳፈር ነው፤ አፍ የለህ፣ አትመልስ። ዝም ብል ደግሞ ሰውየው ቀጣፊ እንደተባለ ሊኖር ነው። ቅዳሜ ደብተሩን በነጠላዬ ሸፍኜ ሱቁ ሄድኩና ስህተትህን አሳየሁት።

ደመረ፤ መልሶ ደመረ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ደብተሩን ወደኔ ገፍቶ ተቆጣ። ዋላሂ፣ መልስ መስጠት የማይችል ሰው አላሸንፍም አለ። ከዚያ እንባው እየወረደ ያንተን ክርክር ያዘልህ። ቀጮው ለጋ ዕድሜውን ውትድርና ወስዶበታል፣ እነዚያ ዓመታት ቢመለሱለት ወፍራሙን ጥሎት ይሄድ ነበር አለ። እኔም ሳላስበው ያልተጫወተበት እንዴት ይቆጠርለታል አልኩ። እንዴት አይቆጠርም ብሎ ጮኸ! ሶላት እስኪደርስበት ስንጨቃጨቅ ሰው ደንግጦ ሊገላግለን መጣ። ካንተ ወዲያ እንዲህ ስቄ አላውቅም፤ ቤት ገብቼ ደግሞ አለቀስኩ።

ለሙት ዓመትህ የሙስሊም እንግዶቻችንን ሙክት የሚያርደው እሱ ነው። ራሱ ጠየቀኝ።

ድምሩን አርሜዋለሁና ተሸንፈሃል፤ አትቆጣ። ቀጮው ግን ገና ይጫወታል። አዲሱ ሾፌር ጋዜጣውን ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል፤ እኔም ዓይኔ እስካየ ድረስ የሚመታትን አንድ በአንድ እጽፍልሃለሁ፤ እየጻፍኩ እንዴት እረሳሃለሁ? ከማልን ፊት ለፊት ብከራከረውም ለአንተ እውነቱን ልንገርህ፦ ቀጮው እንዲያሸንፍ እየጸለይኩ ነው።

ያንተው በላይነሽ